እውነቱን ተናግሮ የተረታው ባለሟል

በ1635 የጸደይ ወራት በኤዶ ቤተ መንግሥት ትልቁ አዳራሽ ችሎት ተቀመጠ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ኤዶ ደግሞ የዛሬዋ ቶኪዮ ነች።) ፈራጁ ሾጉኑ (የጃፓን ወታደራዊ ገዥ) ራሱ ነው፤ ቶኩጋዋ ኢዬሚትሱ። በከተማው የነበሩ መሳፍንት እንዲያዳምጡ ተጠርተዋል። ፊት ለፊት ሁለት ባላጋራዎች ቀርበዋል። አንዱ የትሱሺማ ደሴት ገዥ ሶ ዮሺናሪ ነው። ሌላው የራሱ የዮሺናሪ ዋና ባለሟል፣ ያናጋዋ ሺጌኦኪ። ሦስቱም እኩዮች ናቸው። ሺጌኦኪ በ1603 ተወለደ፤ ሾጉኑና ዮሺናሪ በ1604።

መጀመሪያ አቤት ያለው ጌታው ነው። ከባዱን ክስ ይዞ የመጣው ግን ሎሌው ነው። የትሱሺማ ቤት ከኮሪያ ንጉሥ ለጃፓን የሚመጣውን፣ ከሾጉኑም ለኮሪያ የሚሄደውን ደብዳቤ ለዓመታት ሲለውጥ፣ ሲጨምር፣ ሲቀንስ፣ ከነጭራሹም ከራሱ ፈጥሮ ሲጽፍ ኖሯል አለ። ክሱ እውነት ነበር። ሎሌው ግን ተረታ። ጌታው ደግሞ ግዛቱን እንደያዘ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በጃፓን ታሪክ ይሄ «የያናጋዋ ጉዳይ» ይባላል። ሳሙራይ ሲባል አብዛኞቻችን የሚመጣብን ጎራዴ ነው። ለጌታ መሞት፣ ሆድን መቅደድ፣ ምናምን። እዚህ ታሪክ ውስጥ ጎራዴ የመዘዘ ሰው የለም። መሣሪያው ቀለም፣ ወረቀትና ከእንጨት የተቀረጸ ማኅተም ነው። ለእኔ ግን ጌታና ሎሌ በዚያ ዘመን በእርግጥ እንዴት ይኖሩ እንደነበር ከብዙ የጦር ሜዳ ትረካ ይልቅ ይሄ ጉዳይ ያሳያል።

ሩዝ የማያበቅል ግዛት

ነገሩ የሚጀምረው ከመልክዐ ምድሩ ነው። ትሱሺማ በጃፓንና በኮሪያ መካከል ባለው ባሕር ላይ የተቀመጠች ደሴት ናት። ከሰሜን ጫፏ እስከ ኮሪያዋ ቡሳን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጃፓኑ የሃካታ ወደብ ይልቅ ለቡሳን ትቀርባለች። አብዛኛው መሬቷ ተራራና ደን ነው። በዚያ ዘመን የአንድ መስፍን ሀብት የሚለካው በሩዝ ምርት ነው። መለኪያውም «ኮኩ» ይባላል፤ 180 ሊትር ገደማ፣ የአንድ ሰው የዓመት ቀለብ። በዚህ ሚዛን የትሱሺማ ገዥዎች ምስኪን ነበሩ። የሚኖሩት ከኮሪያ ጋር በሚያደርጉት ንግድ ነው። ንግዱ ከቆመ ደሴቲቱ ትራባለች። እንደዚህ ቀላል ነው።

በ1592 የጃፓኑ ኃያል ሂዴዮሺ ኮሪያን ወረረ። የትሱሺማው ገዥ ሶ ዮሺቶሺ (የዮሺናሪ አባት) ከአማቱ ከኮኒሺ ዩኪናጋ ጋር በመጀመሪያው ጦር ቡሳን ላይ ወረደ። የእንጀራ ገመዱን በገዛ እጁ እንዲቆርጥ የተገደደ ሰው ማለት ነው። ጦርነቱ በ1598 ሂዴዮሺ ሲሞት አበቃ። ኮሪያ ወድማለች። ሕዝቧም በብዛት ተማርኮ ጃፓን ቀርቷል። ንግድ የሚባል ነገር ጠፋ።

በዚህ ላይ በ1600 ጃፓንን ማን ይግዛ የሚለውን የወሰነው የሴኪጋሃራ ጦርነት መጣ። ዮሺቶሺ ከተሸናፊው ወገን ነበር። አማቱ ተገደለ። እሱ ግን ሚስቱን ፈትቶ ለአሸናፊው ለቶኩጋዋ ኢዬያሱ (ለኢዬሚትሱ አያት) አደረ። ኢዬያሱም ማረው። ምሕረቱ በነፃ አልነበረም። ከኮሪያ ጋር አስታርቀኝ ተባለ። ኢዬያሱ ወደ ኮሪያ ጦር ያላዘመተ ሰው ስለነበር በዚያ በኩል እጁ ንጹሕ ነው። ለዮሺቶሺም ትእዛዙ የራሱ የልብ ምኞት ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር፤ ሁለቱም መንግሥታት ፊተኛ ሆነው መለመን አይፈልጉም።

የተበዳይ ቅድመ ሁኔታ

ኮሪያ በ1606 ሁለት ነገር ጠየቀች። አንደኛ፣ ኢዬያሱ «የጃፓን ንጉሥ» ብሎ ፈርሞ ቀድሞ ደብዳቤ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በጦርነቱ የነገሥታት መቃብር የቆፈሩት ወንጀለኞች ይሰጡን። መቃብሮቹ ዛሬ በሶል ከተማ በጋንግናም ሰፈር መሀል ነው ያሉት።

ሁለቱም ከባድ ነው። በዚያ ዘመን ደብዳቤ ቀድሞ የጻፈ እርቅ ለማኝ፣ ማለትም ተሸናፊ ነው። «ንጉሥ» የሚለው ማዕረግም ጣጣ ነበረበት። በምሥራቅ እስያ ሥርዓት «የጃፓን ንጉሥ» ማለት የቻይናን ንጉሠ ነገሥት የበላይ አድርጎ የተቀበለ ገዥ ማለት ነው። ከቀድሞ ሾጉኖች አንዱ አሺካጋ ዮሺሚትሱ ተጠቅሞበታል። በዚያ ጊዜ የነበሩት ቶኩጋዋዎች ግን አይነኩትም።

ትሱሺማ ምን አደረገች? ደብዳቤውን ጻፈችው። አብዛኞቹ የታሪክ ጸሐፊዎች በኢዬያሱ ስም ኮሪያ የደረሰው ጽሑፍ ከኢዬያሱ እጅ ሳይሆን ከደሴቲቱ የወጣ ነው ይላሉ። ወንጀለኞችስ? እሱም መላ ተገኘለት። በሌላ ጥፋት እስር ቤት የነበሩ ሁለት የደሴቲቱ ሰዎች «እነዚህ ናቸው» ተብለው ተላኩ። ማጎሳኩና ማታሃቺ ይባላሉ። ሶል ሲመረመሩ መቃብሩን አይተነውም አናውቅም አሉ። አንደኛው መቃብሩ በተዘረፈ ጊዜ ገና ልጅ የነበረ ነው። የኮሪያ ሹማምንት ይሄ ሳይገባቸው ቀርቶ አይደለም። ንጉሥ ሶንጆም ተጠራጥሮ ነበር። ግን ሁለቱም ተገደሉ፤ ቅድመ ሁኔታውም ተሟላ ተባለ።

ይሄን ቦታ ሳነብ ሁሌ እቆማለሁ። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ስለ ማዕረግ፣ ስለ ክብር፣ ስለ ሥርዓት ብዙ ይባላል። ስለ ማጎሳኩና ማታሃቺ ግን አቤት ያለ የለም። ከብዙ ዓመት በኋላ ኤዶ ላይ ችሎት ሲቀመጥ እንኳን ሰውን ያስደነገጠው የወረቀቱ ነገር ነው።

ኮሪያ ለምን አወቀችና ዝም አለች? በሰሜን ድንበሯ የማንቹዎች ኃይል እየጎለበተ ነበር። ከኋላዋ ሌላ ጠላት አትፈልግም። የተማረኩ ልጆቿንም ማስመለስ ትፈልጋለች። ስለዚህ ምክንያት ያስፈልጋት ነበር። ትሱሺማ ምክንያቱን ሠርታ ሰጠቻት።

በ1607 የኮሪያ መልእክተኞች መጡ። ከ400 በላይ ሰው ያለበት ጉዞ ነው። የተልእኮው ስም ራሱ «መልስ ሰጪና ምርኮኛ መላሽ» የሚል ነበር። አሁን ችግሩን ተመልከቱት። የኮሪያ ንጉሥ ደብዳቤ «ለላክልኝ ደብዳቤ መልስ» ይላል። ሾጉኑ ደግሞ ደብዳቤ አልላከም፤ በዚያ ጊዜ ማዕረጉን የያዘው የኢዬያሱ ልጅ ሂዴታዳ ነው። ይሄ ደብዳቤ ሂዴታዳ ፊት ቢነበብ ትሱሺማ አለቀላት። ስለዚህ ሾጉኑ እጅ ከመድረሱ በፊት በሌላ ተለወጠ። «በአክብሮት እመልሳለሁ» የሚለው መግቢያ «በአክብሮት እጽፋለሁ» ሆነ። ኤዶ ላይ ኮሪያ ቀድማ የጻፈች መሰለ። ሶል ላይ ደግሞ ጃፓን ቀድማ እንደጻፈች ይታወቃል። ሁለቱም ረክተው ተለያዩ። ከ1,000 በላይ ምርኮኞች አገራቸው ገቡ። በ1609 ውል ተፈረመና ትሱሺማ በዓመት 20 መርከብ ወደ ቡሳን እንድትልክ ተፈቀደላት።

ውሸት አንዴ ከተጀመረ ቀለብ ይፈልጋል። በ1617ም በ1624ም የኮሪያ መልእክተኞች መጥተዋል። በሁለቱም ጊዜ የሾጉኑ መልስ «ንጉሥ» የሚለውን ቃል አልያዘም። በ1617 መልእክተኞቹ ደብዳቤውን አይተው ይሄን ይዘን አገራችን መግባት አንችልም አሉ። የትሱሺማ ሰዎች እናስተካክላለን ብለው ወሰዱት። ሲመልሱት «ንጉሥ» ገብቶበታል። ሾጉኑ የሚያውቀው ነገር የለም። በ1624ም ያው ነው የተደረገው።

ለዚህ ሥራ ሙያ ያስፈልጋል። የቻይንኛ ጽሑፍ የሚያውቁት መነኮሳት ናቸው። መጀመሪያ ጌንሶ የሚባል የሃካታ መነኩሴ ነበር፤ እሱ በ1611 ሲሞት ደቀ መዝሙሩ ጌንፖ ተተካ። ማኅተሙ ግን ከሁሉም ይገርመኛል። ከእንጨት የተቀረጹት የሐሰት ማኅተሞች አልጠፉም። የደሴቲቱ ገዥ የሶ ቤተሰብ ለዘመናት አስቀመጣቸው። ዛሬ ፉኩኦካ አጠገብ ዳዛይፉ ውስጥ ባለው የኪዩሹ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛሉ። ከመካከላቸው አንዱ የኮሪያን ንጉሥ ማኅተም አስመስሎ የተሠራ ነው። አራት የቻይና ፊደላት አሉበት፤ ከኮንፊሺየስ ቃል የተወሰዱ ናቸው። ትርጉማቸው «በበጎ ምግባር ማስተዳደር» ነው። ቀራጩ ይሄን ሲቀርጽ ምን ይሰማው እንደነበር ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ሁለት ጌታ ያለው ሎሌ

አሁን ወደ ሺጌኦኪ። ያናጋዋዎች ተራ ሎሌዎች አልነበሩም። አያቱ ሺጌኖቡ የኮሪያን ጉዳይ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ የያዘ ሰው ነው። አባቱ ካጌናኦ በ1607ቱ የደብዳቤ ቅየራ ውስጥ ዋናው እጅ ነበር። ማለትም ልጁ ኋላ ላይ የከሰሰበትን ወንጀል የሠራው የገዛ ቤቱ ነው። ይሄን ልብ ይበሉ።

አባቱ በ1613 ሲሞት ሺጌኦኪ የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ያደገውም ደሴቲቱ ላይ አይደለም። የቶኩጋዋዎች ግቢ ውስጥ ብላቴና ሆኖ ኢዬያሱንና ሂዴታዳን እያገለገለ ነው ያደገው። የኤዶን ሹማምንት በስም ያውቃል፤ እነሱም ያውቁታል። ጌታው ዮሺናሪ በአንጻሩ በ1615 አባቱ ሲሞትበት ገና ልጅ ሆኖ ግዛት ወረሰ። ደሴቲቱን የሚያስተዳድሩለት ባለሟሎቹ ናቸው።

በዚህ ላይ ገንዘቡ አለ። ቶኩጋዋዎች ለኮሪያ እርቅ ውለታ ለሶ ቤት በሂዜን አገር 2,800 ኮኩ ጉልት ሰጥተው ነበር። ከዚያ ውስጥ 1,000ው ኮኩ ለያናጋዋ ይሁን ተብሏል። እና ይሄ 1,000 ኮኩ የማን ነው? ሶ ቤት ሲያስረዳ፦ ለእኛ የተሰጠ ነው፣ ለሎሌያችን ያካፈልነው እኛ ነን። ሺጌኦኪ ሲያስረዳ፦ ከሾጉኑ ነው የተሰጠን፣ ስለዚህ እኔ የሾጉኑ ሰው ነኝ። ነገሩ ሁሉ ይቺ ጥያቄ ናት። ከኮሪያም በኩል ያናጋዋ በራሱ ስም መርከብ የመላክ መብት ነበረው። ጉልቱ ከኤዶ፣ መርከቡ ከኮሪያ፣ ወዳጁ በሾጉኑ ግቢ። ከጌታው የሚያገኘው ነገር ምን ቀረ? ሎሌነቱ ብቻ።

ሺጌኦኪ ሎሌነቱን መጣል ፈለገ። በቀጥታ ለሾጉኑ ማደር ነበር ምኞቱ። በ1631 ጉልቱንም መርከቡንም እመልሳለሁ፣ አሰናብተኝ አለ። ሲታይ ትሕትና ይመስላል። ትርጉሙ ግን «ካንተ ጋር ጨርሻለሁ» ነው። ዮሺናሪም ገባው። ኤዶ ሄዶ ለሾጉኑ ዋና አማካሪ ለዶይ ቶሺካትሱ ሎሌዬ አልታዘዝ አለኝ ብሎ አቤት አለ።

ይሄኔ ነው ሺጌኦኪ ትልቁን ካርድ የመዘዘው። የደብዳቤዎቹን ምስጢር አወጣ። ጌታዬ በሾጉኑ ስም የሐሰት መልእክተኞች ሳይቀር ወደ ኮሪያ ልኳል አለ። በ1629 ጌንፖ የመልእክተኛ ጓድ መርቶ ሶል ድረስ ገብቶ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የጃፓን መልእክተኛ እዚያ ሲደርስ ያ የመጀመሪያው ነው።

ሰውየው አበደ እንዴ ያሰኛል። የገዛ አባቱ የሠራውን ወንጀል ነው የሚናገረው። እኔ ግን እብደት አይመስለኝም። ዘመኑን ማየት ነው። በ1632 የኩማሞቶው መስፍን ካቶ ታዳሂሮ ግዛቱን ተነጥቋል። የሾጉኑ ታናሽ ወንድም ታዳናጋ እንኳን ግዛቱን ተነጥቆ በመጨረሻ ራሱን እንዲያጠፋ ተገዷል። ኢዬሚትሱ መስፍን ለመንቀል ምክንያት የሚፈልግ ሾጉን ነበር። ሺጌኦኪ ያሰበው ይሄን ይመስለኛል፦ የትሱሺማ ቤት ይነቀላል፤ የኮሪያን ጉዳይ የሚያውቅ ሰው ግን ያስፈልጋል፤ ያ ሰው እኔ ነኝ። ሒሳቡ መጥፎ አልነበረም። አንድ ነገር ግን አስቀርቷል።

ችሎቱ

ምርመራው ዓመት ፈጀ። የሁለቱም ወገን ሰዎች ኤዶ ተጠርተው ተጠየቁ። መነኩሴው ጌንፖም አልቀረም። መካዱ አላዋጣም፤ የደብዳቤው መለወጥ ተረጋገጠ። የቀረው ጥያቄ ማን ነው ጥፋተኛው የሚለው ነው።

የዮሺናሪ መከላከያ አላውቅም የሚል ነው። የተሠራው በሕፃንነቴ ነው፣ የሠሩትም ያናጋዋዎች ናቸው። ግማሹ ያስኬዳል። በ1607 የሦስት ዓመት ሕፃን ነው። በ1617 የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው። በ1624 ግን ሃያ ዓመቱ ነው። ሃያ ዓመት የሞላው ገዥ በግዛቱ ትልቁ ጉዳይ ላይ ምንም አላየሁም ሲል እኔ አልቀበልም። ኤዶ ግን ተቀበለች።

በዚህ መሀል ሾጉኑ ትሱሺማን ከኮሪያ በፈረስ ላይ ትርኢት የሚያሳዩ ሰዎች አስመጣልኝ አላት። ለጨዋታ ይመስላል። ፈተና ነው ግን። ዮሺናሪ ኮሪያን ጠርቶ ማስመጣት ይችላል ወይስ ችሎታው የሎሌው ነበር? ኮሪያ የፈረሰኞቹን ቡድን ላከች። የኮሪያ ቤተ መንግሥት የኤዶን ሙግት ይከታተል ነበር። የለመዱት የሶ ቤት እንዲቆይ ነው የፈለጉት። ፈረሰኞቹ በዚያው ዓመት ኤዶ ላይ በኢዬሚትሱ ፊት ትርኢታቸውን አሳዩ። ሺጌኦኪ በሒሳቡ ያስቀረው ይሄን ነው፤ ኮሪያም ድምፅ አላት።

ችሎቱ በሾጉኑ ፊት ተካሄደ። ፍርዱ በማግስቱ ወጣ። ዮሺናሪ ጥፋት የለበትም፤ ግዛቱም ሥራውም ይቀጥል ተባለ። ሺጌኦኪ በሰሜን ጃፓን ጫፍ ወዳለው ወደ ትሱጋሩ ግዞት ተፈረደበት። ጌንፖም ወደ ሞሪዮካ ተጋዘ። ሁለት ሰዎች ሞት ተፈረደባቸው፤ የያናጋዋው ሰው ማትሱዎ ሺቺዬሞንና ደብዳቤ ጸሐፊው ሺማካዋ ታኩሚ። ታዛዡ በሞት፣ አዛዡ በግዞት። ይሄም ለየትኛውም አገር አንባቢ እንግዳ አይሆንም።

እዚህ ላይ ነው አባባላችን ትዝ የሚለኝ፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»። ኢዬሚትሱ ያን ያህል መስፍን ሰብስቦ ችሎት ያስቀመጠው ስለ ትሱሺማ ብቻ አይመስለኝም። ሎሌ ጌታውን ከሶ ካሸነፈ ነገ በየግዛቱ ያለ ባለሟል ሁሉ የጌታውን ምስጢር ይዞ ኤዶ ይመጣል። የቶኩጋዋ ሥርዓት የቆመው ደግሞ እያንዳንዱ ለበላዩ በማደሩ ላይ ነው። የሾጉኑ ጌትነት በመሳፍንቱ ላይ፣ የመሳፍንቱ ጌትነት በሎሌዎቻቸው ላይ። አንዱን ደረጃ ነቅሎ ሌላውን ማቆም አይቻልም። መሳፍንቱ የተጠሩት ይሄንን በዓይናቸው እንዲያዩ ነው።

ተመሳሳይ ነገር ቀደም ብሎ ታይቶ ነበር። በ1632 ኩሪያማ ዳይዜን የሚባል የፉኩኦካ ዋና ባለሟል ጌታውን ኩሮዳ ታዳዩኪን በሾጉኑ ላይ አድማ ያስባል ብሎ ከሰሰ። ውጤቱ? በ1633 ፍርዱ ሲወጣ ጌታው ግዛቱን አላጣም። ከሳሹ ወደ ሞሪዮካ ተጋዘ። ጌንፖ በኋላ ሲጋዝ ያገኘው ይሄን ሰው ነው፤ ሁለቱ ግዞተኞች አንድ ከተማ ኖሩ። ሺጌኦኪ የዳይዜንን ፍርድ አልሰማም ማለት አይቻልም። ሰምቶ ነው የገፋበት። ምናልባት የእኔ ይለያል ብሎ ይሆናል፤ እኔ ማስረጃ አለኝ፣ እሱ አልነበረውም ብሎ።

ፍርዱ በ1635 መሆኑም ዝም ብሎ አይደለም። በዚያው ዓመት ኢዬሚትሱ የመሳፍንቱን ሕግ አሻሻለ። እያፈራረቁ በግዛታቸውና በኤዶ እንዲኖሩ ግዴታ አደረገ። ጃፓናውያን ወደ ውጭ እንዳይወጡም በዚያው ዓመት ከለከለ። በሩን እየዘጋ ያለ መንግሥት ነው። ክፍት ከሚተዋቸው ጥቂት በሮች አንዱ ትሱሺማ ነው። የበሩ ጠባቂ ሌባ ቢሆንም መንገዱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠባቂውን አልቀየሩትም፤ ላዩ ላይ ተመልካች አስቀመጡበት።

ተመልካቾቹ መነኮሳት ናቸው። ከኪዮቶ ታላላቅ የዜን ገዳማት ተመርጠው በየተራ ወደ ደሴቲቱ ይላካሉ፤ ከኮሪያ ጋር የሚደረገውን ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ያያሉ። ይሄ ሥርዓት የሾጉኖቹ ዘመን እስኪያበቃ ድረስ ዘለቀ። የ«ንጉሥ» ጣጣም መፍትሔ አገኘ። ከዚያ በኋላ ኮሪያ ሾጉኑን «ታይኩን»፣ ማለትም «ታላቁ መስፍን» ብላ ትጽፍለት ጀመር። ንጉሥም አይደለም፣ ከንጉሥም አያንስም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲዋሽበት የኖረው ችግር በአንድ አዲስ ማዕረግ ተፈታ። ቀድሞ ማንም ያላሰበው ስለማይቻል አይደለም፤ ውሸቱ እስከሠራ ድረስ ማሰብ ስላላስፈለገ ነው።

በ1636 አዲሱ አሠራር ተፈተነ። የኮሪያ መልእክተኞች እንደገና መጡ። ዮሺናሪ ተቀብሎ፣ መርቶ፣ ኢዬያሱ የተቀበረበት ኒኮ ድረስ ወስዶ መለሳቸው። ገና ጉዞ ላይ ሳሉ ማንቹዎች አገራቸውን ወረሩ። ኮሪያ ከደቡብ በኩል ሰላም የፈለገችው ለምን እንደነበር ያን ጊዜ በደንብ ታየ። ከ1607 እስከ 1811 በጠቅላላው 12 ጊዜ እንዲህ ያለ መልእክተኛ መጥቷል። የጉዞዎቹ መዛግብት በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ገብተዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የተሳኩት በሐሰት ወረቀት ነው።

ማን ምን አተረፈ

ዮሺናሪ እስከ 1657 ገዛ። ልጁም ወረሰው። ጌንፖ ሞሪዮካ ላይ በክብር ተያዘ፤ የተማረ ሰው ነበርና አካባቢው ተጠቀመበት። በ1658 ምሕረት ተደርጎለት ወጣ።

ሺጌኦኪም ትሱጋሩ ላይ እንደ እስረኛ አልተንገላታም። ቤት ተሰጠው። የኤዶን ግቢ የሚያውቅ ሰው በመሆኑ የአካባቢው ገዥዎች አከበሩት። ሰላሳ ሁለት ዓመቱ ገደማ ሄዶ ሰማንያ አልፎት በ1684 እዚያው ሞተ። ኢዬሚትሱ በ1651 ሞቷል፤ ዮሺናሪም ጌንፖም ቀድመውታል። ሾጉን ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ለእሱ ግን ምሕረት አልመጣም።

ብዙዎች ሁለቱን ግዞተኞች አንድ ላይ ነው የሚያነሷቸው። እኔ ልዩነቱ ላይ አተኩራለሁ። ጌንፖ ደብዳቤዎቹ ሲሠሩ የነበረ ሰው ነው። የመልእክተኛ ጓድ መርቶ ሶል የገባው እሱ ነው። ወንጀሉ ወረቀት ማጭበርበር ቢሆን ኖሮ ከሺጌኦኪ ቀድሞ ምሕረት የሚያገኘው ጌንፖ አይሆንም ነበር። መነኩሴው ምሕረት ያገኘው የታዘዘውን ሠርቶ ዝም ያለ ሰው ስለሆነ ነው። ባለሟሉ ግን ጌታውን ከሷል፤ በዚያ ላይ ክሱ እውነት ነበር። ሐሰተኛ ከሳሽን ይቅር ማለት ለሾጉኑ ቤት ምንም አያስከፍልም። እውነተኛ ከሳሽን ይቅር ማለት ግን የ1635ቱን ፍርድ እንደገና መክፈት ነው። ያንን ደግሞ ኤዶም፣ ትሱሺማም፣ ሶልም አይፈልጉትም ነበር።